ቤንዚን የሚሸት ጉርሻ
ባሌ ናይቫሻ ሐይቅ ላይ ዓሣ ላጠምድበት ብሎ የገዛው አሮጌ የጀልባ ሞተር፣ ናይሮቢ ኪሌሌሽዋ ሰፈር፣ ጓሯችን ተቀምጦ ቤንዚን ያንጠባጥብ ነበር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ነጠላዬን ሳላጥፍ እሱ ሞተሩ ሥር ተንበርክኳል። የቤንዚን ቱቦውን በጨርቅ አድርቆ የፊቴን ፓውደር ነሰነሰበት። ቤንዚን የሚገፋውን የጎማ ኳስ ጨመቅ ጨመቅ ሲያደርግ፣ የሚያፈስበት ቦታ ፓውደሩ ይረጥባል። እኔን እንኳ እንደዚያ ዳብሶኝ አያውቅም! ምሳ ላይ ሲያጎርሰኝ ጣቱ ቤንዚን ቤንዚን ይለኛል፤ የሌላ ሴት ሽቶ የሸተተኝ ይመስል ደሜ ይፈላል።

በመጨረሻ ቱቦው መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ አገኘውና ቀየረው። ቤንዚን የሚሸት ጉርሻ ቀረልኝ። ጉርሻውም አብሮ ቀረ፤ እሁድ እሁድ ምሳውን የሚበላው ሐይቁ ላይ ነዋ።