መልስ የሚጠብቁ ደብዳቤዎች

አጎቴ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን ማኅበራዊ ትምህርት በሚያጠና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተቋም ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ምሁራኑ ፎቅ ላይ ስለ ሠራተኛ ክብርና ስለ ፍትሐዊ ደመወዝ ይጽፋሉ፤ እርሱ ምድር ቤት፣ አንዲት ከፍ ያለች መስኮት ባለችው ክፍል፣ የጻፉትን ይጠርዛል፣ ቁጥር ይሰጣል፣ ያስቀምጣል።

ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት ተቋሙ በየፋብሪካውና በየልብስ ማጠቢያው ላሉ ሠራተኞች አንድ ወረቀት በተነ። «ስለ ሥራችሁና ስለ ኑሯችሁ ጻፉልን፤ ለእያንዳንዳችሁ መልስ እንሰጣለን» የሚል ነበር። ሦስት ሺህ ያህል ደብዳቤ መጣ። ከደብዳቤዎቹ ወፍራም መጽሐፍ ወጣ፣ ተጨበጨበለትም። መልስ ግን ለአንድም ሰው አልተጻፈም።

የመዝገብ ቤቱ ሕግ ቀላል ነው። ጉዳዩ ያለቀ ወረቀት «ተዘግቷል» የሚል ማኅተም ይመታበትና ወደ ቋሚው ማከማቻ ይገባል፤ ያላለቀው «መልስ የሚጠብቁ» በተባለው መደርደሪያ ላይ ይቆያል። አጎቴ በእነዚያ ደብዳቤዎች ላይ ማኅተም አላሳርፍም አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ቃል ተገብቶላቸዋል ባይ ነው። አዲስ አለቃ በተሾመ ቁጥር መልስ ይጻፍላቸው የሚል ማመልከቻ ይዞ ፎቅ ይወጣል። አንዱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይለዋል፣ ሌላው ከጉባኤው በኋላ እናየዋለን ብሎ ይሸኘዋል። ባልደረቦቹ «አሁንም አልዘጋሃቸውም?» ሲሉት ሁልጊዜ «ገና ነው» ስለሚል፣ ስሙ ቀርቶ «ገና ነው» ተባለ። ሚስቱ ሳትቀር፣ በር ሲከፍት በሰማች ቁጥር «ገና ነው መጣ፣ ራት አቅርቡ» እያለች ትስቅበት ነበር።

ጡረታ ሊወጣ ስድስት ወር ሲቀረው ሳንባውን ታመመና ሃያ ቀን ተኛ። በዚያው ሰሞን ዩኒቨርሲቲው ሕንጻውን ለሌላ ትምህርት ክፍል ሰጥቶ ተቋሙን ወደ ሁለት ጠባብ ክፍሎች አዛወረው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ እንዲጓዝ፣ የሌለበት እንዲወገድ ታዘዘ። ደብዳቤዎቹ በከረጢት ታጭቀው ወረቀት ወደሚፈጭበት ፋብሪካ ሄዱ።

ሲመለስ መደርደሪያው ባዶ ነበር። የተቋሙ ኃላፊ፣ ደግ ካህን፣ ራሳቸው ምድር ቤት ድረስ ወረዱ።

«ጋሼ፣ ማኅተም እኮ አልነበረባቸውም» አሉት።

«ብመታባቸው ኖሮ ይተርፉ ነበር፣ አባ?»

ካህኑ አቀረቀሩ። «ይተርፉ ነበር።»

ለሚቀጥለው ጉባኤ ነገሩን አነሣዋለሁ አሉት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አንዲት ደብዳቤ ብቻ ተርፋለች፤ መልስ ላርቅቅ ብሎ ከመታመሙ በፊት ቤት የወሰዳት። የጻፈችው የሆቴል ልብስ አጣቢ ነበረች። «እጄ በሳሙናው ተሰነጣጥቆ፣ ልጄን ስዳብሳት ትሸሸኛለች። ይህን የሚያውቅልኝ ሰው አለ ወይ?» ትላለች። አጎቴ ሦስት ቀን ሲጽፍ ሲሰርዝ ቆይቶ በመጨረሻ ሁለት መስመር ብቻ ላከ፦ «አለ። ደብዳቤዎን በየዓመቱ አነበው ነበር፤ ስለ ዘገየን ይቅር ይበሉን።»

በሁለተኛው ወር ፖስታው ሳይከፈት ተመለሰ። ጀርባው ላይ በቀይ «ቤቱ ፈርሷል፣ ሰዎቹም አይታወቁም» ተብሎ ተጽፎበታል።

ሚስቱ ፖስታውን ከጠረጴዛው አነሣችና፣ እንደ ወትሮዋ ልታስቀው ብላ፣ «ላስቀምጠው ወይስ ገና ነው?» አለችው።

አጎቴ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር። «ገና ነው» አላለም። ከዚያ ቀን ወዲህ በስሙ ትጠራው ጀመር።