ጉድለቷን ተናግሬ የሸጥኳት መኪና

አሥራ አራት ዓመት የነዳኋትን መኪና የሸጥኩት ጉልበቴ ፍሪሲዮን መርገጥ ስላቃተው ነው። አገሬ ጎጃም ነው፤ በምኖርበት አዳማ ዘመድ የለኝም። በየሳምንቱ ለሥራ ከዝዋይ ማዶ ቡልቡላ የምመላለሰው ብቻዬን ስለሆነ፣ መኪና መንገድ ላይ ብትቆምብኝ የምደውልለት ሰው የለም።

ጾም ነበር፤ ጾም ባይሆንም ዋሽቼ መሸጥ አልችልበትም። ደላላው ላመጣቸው ሁለት ገዢዎች፣ "ዳገት ላይ ውሃዋ ይፈላል፣ የግራ በሯ ከውስጥ አይከፈትም" ስላቸው ጥለውኝ ሄዱ።

"እትዬ፣ መኪና እየሸጡ ነው ወይስ ንስሐ እየገቡ?" አለኝ ደላላው።

ሦስተኛው ገዢ የቡልቡላ ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ ሽማግሌ ሙስሊም። እስክጨርስ ሰሙኝና "ሌላስ?" አሉ።

"ዝናብ ሲሆን ቶሎ አትነሳም።"

"ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ። አሁን አወቅኳት፤ እወስዳታለሁ።"

በማግስቱ አውቶማቲክ ማርሽ ያላት መኪና ልገዛ ሄድኩ።

"ምኗን ያማታል?" አልኩት ሻጩን።

"ኧረ ምንም የለባትም፣ እናቴ።"

"ዳገት ላይስ?"

"ምንም።"

"በዝናብስ?"

"እንዳዲስ ናት አልኩዎት እኮ።"

አላመንኩትም። ግን ሌላ መኪና ፍለጋ የምዞርበት አቅም ስላልነበረኝ ፈረምኩ።

ይኸው አንድ ወር ሆናት፤ እስካሁን ምንም አላጠፋችም። በአሮጌዋ መኪና ስሄድ የጠዋት ጸሎቴን ዝዋይ ሳልደርስ እጨርስ ነበር። አሁን ጀመር አደርግና የሆነ ነገር የተንኳኳ ይመስለኛል፤ ዝም ብዬ አዳምጣለሁ። የቱ ጋ እንዳቆምኩ ስለሚጠፋኝ እንደገና ከመጀመሪያው እነሳለሁ። ቡልቡላ ስገባ ጸሎቱ አላለቀም፤ እኔ ግን ሥራ ሳልጀምር ደክሞኛል።