ሐምሌን ያየ ሰው ጠይቅ

አያቴን ያጣነው ባለፈው ጥር ነው። በሰፈራ ከወሎ ወደ አሶሳ ሲመጣ በጋ ስለነበር፣ ባገሩ ልማድ ቤቱን በጭቃ ለስኖ ሠራ። የመጀመሪያው ክረምት ግድግዳውን አጥቦ ወሰደበት፤ በቀርከሃ መልሰው የሠሩለት የአገሩ ተወላጆች የሆኑት የበርታ ጎረቤቶቹ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለሥራ አገር የሚቀይር ዘመድ ሁሉ ስለ ደመወዙ ሳይሆን ስለሚሄድበት አገር አንድ ነገር ብቻ በአያቴ ይጠየቅ ነበር፦ "ሐምሌን አይተኸዋል?"

እኔም ደጋው ላይ፣ ወንበራ ወረዳ ውስጥ ባለችው ደብረ ዘይት ሥራ አግኝቼ፣ ከተማዋን በበጋ አይቼ በደስታ ስመለስ ያንኑ ጠየቀኝ።

"ኧረ አባባ፣ ሥራው እስከ ሐምሌ አይጠብቀኝም!"

"እንግዲያው ሐምሌን ያየ ሰው ጠይቅ።"

እዚያ ቤት ልታከራየኝ ለነበረችው ሴትዮ ደወልኩ። ብርዱ አጥንት እንደሚሰብር፣ የታጠበ ልብስ ቶሎ እንደማይደርቅ፣ መንገዱ ሲጨቀይ መኪና እንደማይገባ ሳትደብቅ ነገረችኝ። ሁሉንም ለአያቴ አወራሁለት። ቅር ይለዋል ብዬ ስጠብቅ የራሱን ጋቢ አውጥቶ ሰጠኝ።

"አሁን ሂድ። አውቀኸው ከሄድክ አያስመርርህም።"

እውነትም ብርዱ በረታብኝ እንጂ አልተማረርኩም።

እሱን ስንቀብረው ግን መሬቱ ደረቅ፣ ሰማዩም የጠራ ነበር። ቦታውን ስንመርጥ ስለ ሐምሌ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ጠያቂያችን እሱ ነበራ።

ዘንድሮ ሐምሌ ሲገባ ወደ አሶሳ ወረድኩ። ዶፉ ሲወርድ ጋቢውን ደርቤ መቃብሩ ዳር ቆምኩ። ውሃው አይተኛበትም፤ በጎን በኩል አልፎ ቁልቁል ይወርዳል።

"አይቼዋለሁ አባባ" አልኩት። "ደህና ቦታ ነው።"