ቀበሌው በዕቅድ የያዛት ፕላኔት

ዛሬ ቀበና ታክሲ ስጠብቅ በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር የነበሩትን ሰው ከፊቴ ተሰልፈው አየኋቸው። ያኔ ተማሪ ሳለን የሳይንስ መምህራችንን ሊያስሩ ነበር።

መምህሩ «ሐሙስ ጠዋት ሜርኩሪ የምትባለው ፕላኔት በፀሐይ ፊት ታልፋለች» ብለውን ነበር። ወሬው ቀበሌ ደረሰና ተጠሩ። እኛ ተማሪዎቹም ተከተልናቸው።

«ማን ነገረህ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«በስሌት ነው፣ ጓድ።»

«ካልመጣች አሉባልታ በመንዛት ትታሰራለህ።»

ሐሙስ መምህሩ በባይናኩላር የፀሐይን ምስል ወረቀት ላይ ጣሉ። ትንሽ ጥቁር ነጥብ ታየች። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን በመሐረብ ጠረጉት። ነጥቧ አልጠፋችም።

«መቼ ትመለሳለች?»

«ከሰባት ዓመት በኋላ።»

«በቀበሌው ዕቅድ ትግባ» ብለው አዘዙ።

ሜርኩሪ በቀኗ መጣች። ደርግ ግን ቀድሞ ወድቆ ነበር።

እናንተስ በምን ጉዳይ ቀበሌ ተጠርታችሁ ታውቃላችሁ?