ዋሴ ፀሐይን ከመሬት በታች የፈለገበት ጠዋት

ዋሴ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ከደንቢያ ወደ መተማ ቆላ የወረደው ሰሊጥ አጭዶ በሬ መግዣ ሊያገኝ ነበር። በሬው ቀርቶ ራሱን ይዞ መመለስም አቃተው። አጨዳው ሲያልቅ ትኩሳት ያዘው፤ ትኩሳቱ ሦስት ወር አለቀቀውም። ክንዱና እግሩ እንደ ሰሊጥ አገዳ ሲቀጥኑ ሆዱ ግን ተነፋ። በኋላ ሐኪሞች ካላዛር ነው ያሉት። ያን ጊዜ ለበሽታው ስም የሰጠው ሰው አልነበረም፤ የያዘው ሰው እንደማይተርፍ ብቻ ይታወቅ ነበር።

አብረውት የወረዱት ሁለት የመንደሩ ልጆች ጥለውት ሄዱ ማለት አይቻልም፤ ዋሴም እንዲህ ብሎ አያውቅም። ከአንድ መጋዘን ጥግ አስተኝተውት፣ ጥቂት ማሽላ አስቀምጠውለት፣ አልቅሰው ነው የሄዱት። «የሚሞት ሰው መሆኔን ያወቅሁት በነሱ እንባ ነው» ይላል።

ያተረፈው ሙሐመድጣሂር የሚባል ከድንበሩ ማዶ የሱዳን ገላባት ሰው፣ የትራክተር ነጂ ነው። ከተጎታቹ ላይ በሰሊጥ ጆንያዎች መሃል አስተኝቶ ገዳሪፍ ሆስፒታል ድረስ ወሰደው። እዚያ አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ መርፌ ተወጋ። ሲመለስ ማጭድ የሚያነሳበት ጉልበት ስላልነበረው ሙሐመድጣሂር ግማሽ ጣሳ ናፍጣና አንድ ክምር ብሎን ሰጠውና «ተቀምጠህ እጠብ» አለው። ዋሴ እያጠበ ብሎኖቹን በዓይነት በዓይነት ለየ። ለይቶ ሲጨርስ «ትራክተር አወቅሁ» አለ። አላወቀም ነበር። ያላወቀውን አወቅሁ ማለት የጀመረው ግን ያን ቀን ነው፤ ልማዱም እስከ አርባ አራት ዓመቱ አልለቀቀውም።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ዋሴ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው፣ በመተማ ዮሐንስ አቅራቢያ ያለ የአንድ መንግሥት እርሻ የጄኔሬተር ሠራተኛ ነበር። ከሚስቱ ከውባንች ጋር አንድ ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። ውባንች ቀድማው ጨረሰች። ይህን የሚናገረው ግን ሲጠየቅ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ማንበብ ከቻለ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ፤ የዘይት ጣሳ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የኬላ ማስታወቂያ፣ ያገኘውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል። አንድ የቆየ የኤሌክትሪክ መማሪያ መጽሐፍ ከሹፌሮች እጅ አግኝቶ ሽፋኑ እስኪላቀቅ አጠናው። ከዚያም ከጄኔሬተሩ ቤት በር ላይ «የኤሌክትሪክ ክፍል ኃላፊ» ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈ። በክፍሉ ውስጥ ከኃላፊው በቀር ሌላ ሠራተኛ አልነበረም።

ሠራተኛው በሱዳንኛው አጠራር «ኡስታ» ይለው ነበር፤ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። ዋሴ ይህን ስም ሲሰማ አንገቱ ትንሽ ቀና ይል ነበር ይባላል። እሱ ራሱ «ትንሽ አልነበረም» ብሎ አርሞኛል።

በ1979 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ መምህር አዛናው የሚባል የፊዚክስ አስተማሪ በጭነት መኪና መጣ። ወጣት፣ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው። ይዞት የመጣው አንድ ቴሌስኮፕ፣ ቴሌስኮፑን በሁለት ሞተር የሚያዞር የብረት መቆሚያ፣ ሞተሮቹን የሚያዝ ኮምፒውተርና የኮምፒውተሩን ጽሑፍ የሚያሳይ አንድ ትንሽ ቴሌቪዥን ነበር። ዕቃው የውጭ አገር ውሰት ነው። የመጣበትንም ጉዳይ ለእርሻው ሰው ሁሉ አስረዳ። ኅዳር አራት ቀን ጠዋት ሜርኩሪ የምትባለው ትንሿ ፈለክ በፀሐይ ፊት ለፊት ስታልፍ እንደ ነጥብ ሆና ትታያለች፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ከፀሐይ ጠርዝ ትወጣለች። እሱ የሚፈልገው የምትወጣባትን ቅጽበት በሰከንድ መመዝገብ ነው። ደጋው ተራራና ጉም ስላለው ቆላውን መረጠ። ይህ ካመለጠው ቀጣዩ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዕቃውን የሚያውሰው አይኖርም።

መንገዱ መኪናውን ስላንገጫገጨው ኮምፒውተሩን ከመቆሚያው ጋር የሚያገናኘው ገመድ ጫፉ ተጨፍልቆ ነበር የደረሰው። መምህሩ ገመዱን በእጁ ይዞ ቆመ። ቴሌስኮፑ በእጅ አይዞርም፤ ቢገፉት የማርሹ ጥርስ ይሰበራል። ያለ ገመዱ ያ ሁሉ ዕቃ ብረት ብቻ ነው።

«ለዚህ ነው የሚያዝኑት?» አለ ዋሴ። «ነገ ጠዋት አገናኝቼ አስረክብዎታለሁ።»

መምህሩ ሦስት ሽቦ ብቻ እንደሚበቃ ነግሮ የሽቦዎቹን ቁጥር በወረቀት ሊጽፍለት ሲል ዋሴ «አልፈልግም» አለ። ከአሮጌ ሬዲዮ መሰኪያ ነቅሎ፣ ቆርቆሮ አቅልጦ፣ ሁለትን ከሁለት፣ ሦስትን ከሦስት፣ ሰባትን ከሰባት በየደንቡ በየደው። ሥራው ያምር ነበር። ብቻ ኮምፒውተሩ ሲያዝ መቆሚያው ዝም አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን መምህሩ መሰኪያውን ፈትቶ አየና ፈገግ አለ።

«ጋሼ ዋሴ፣ አንደኛው ሽቦ የኮምፒውተሩ አፍ ነው፤ ሁለተኛው ጆሮው ነው። መቆሚያውም እንደዚሁ አፍና ጆሮ አለው። አንቱ አፍን ከአፍ፣ ጆሮን ከጆሮ አገናኝተዋቸዋል። ሁለቱም ያወራሉ፣ ሰሚ የለም።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ ዋሴ።

አልጠረጠረም። ሽቦዎቹን አመሳቅሎ ሲበይዳቸው ግን መቆሚያው ጉርር ብሎ ዞረ፤ ዋሴም ያን ቀን ማታ ለውባንች ነገሩን ሲነግራት ያመሳቀላቸው በራሱ ብልሃት ሆነ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠዋት ሙከራ ተደረገ። መምህሩ በኮምፒውተሩ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ይጽፋል፣ ዋሴ ገመዱንና ጄኔሬተሩን ይጠብቃል፣ ቴሌስኮፑም ራሱ ዞሮ ፀሐይን ያገኛታል። የፀሐይ ምስል ከኋላው በተዘረጋው ነጭ ወረቀት ላይ እንደ ሰሐን ክብ ሆኖ ያርፋል። ዋሴ ሁሉን አየሁ፣ ሁሉን አወቅሁ አለ።

ኅዳር ሦስት ቀን መምህሩን ወባ ጣለው። በማግስቱ ጠዋት ከመጋዘኑ አጠገብ ባለችው ክፍል፣ አንገረብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ በሁለት ብርድ ልብስ ሥር ሆኖ ጥርሱ ይፋጫል።

«ጋሼ ዋሴ፣ አንቱ ያስነሱት። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፌልዎታለሁ። ሰዓቱን ከእጅ ሰዓትዎ አይተው ይጻፉ። እስከ ሦስት ሰዓት ትኩሳቱ ከቀለለልኝ እወጣለሁ።»

«ይተኙ» አለ ዋሴ። «ይህን ዓይኔን ጨፍኜም እሠራዋለሁ።»

መቆሚያው ያለው የሰሊጥ መጋዘኑ ደጅ ላይ፣ እህል በሚሰጣበት ሲሚንቶ ላይ ነው። ሥራ ያልገባ ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። የእርሻው ካድሬ ጓድ አምባው ወንበር አስመጥቶ ከፊት ተቀምጧል። የመጋዘኑ ጥበቃ ቢሻው ጠመንጃውን ተደግፎ ቆሟል። ዋሴ የታጠበ ሸሚዙን ለብሶ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ቀኑን ከወረቀቱ ገለበጠ። የእጅ ሰዓቱን ሰው እንዲያየው አድርጎ አየና አንድ ሰዓት ከሃያ ብሎ ጻፈ። ቁልፉን ተጫነ።

ቴሌስኮፑ ጉርር ብሎ ተነሳ። ከፊቱ ያለችውን ፀሐይ እንዳላየ ሆኖ አለፋት፤ ከዚያ አፍንጫውን ዝቅ፣ ዝቅ እያደረገ ሄዶ ሲሚንቶው ላይ ተተከለ።

የተሰበሰበው ሰው አንዴ ፀሐይን፣ አንዴ ሲሚንቶውን አየ።

«ኡስታ፣ ፀሐይ እኮ በዚህ በኩል ናት» አለ ቢሻው።

«አውቃለሁ።»

«ለማሽኑ ንገረዋ።»

ጓድ አምባው ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «ይህ መሣሪያ መሬት ውስጥ ያለም ያሳያል እንዴ?»

ዋሴ አላውቅም ማለት ይችል ነበር። ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ከበሩ ላይ ያለው ቀይ ጽሕፈትም ከሩቅ ይታያል። «መጀመሪያ መሬቱን ይለካል» አለ። «ሳይለካ ወደ ሰማይ አይነሳም።»

«ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?»

«እንደ መሬቱ ነው።»

«የመተማ መሬት ማለቂያ የሌለው ሜዳ ነው፤ እስከ ፋሲካ ይቆያል» አለ ቢሻው።

ሰው ሳቀ፤ ግን አመነው። ችግሩ ማመናቸው ነው፤ አሁን የሚቸኩል ሰው የለም። ዋሴ ጄኔሬተሩን አጥፍቶ አስነሳ። መሰኪያውን ፈትቶ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ጎትቶ ፈተነ፤ ብየዳው ጥሩ ነበር፤ ጥሩ መሆኑም አናደደው። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ብሎ ጻፈ፤ ቴሌስኮፑ መሬት አየ። ሁለት ከዐሥር ብሎ ጻፈ፤ ትንሽ ዘወር ብሎ እንደገና መሬት አየ።

«አሁንስ የሆነ ነገር ያገኘ መሰለኝ» አለ ቢሻው።

ውባንች ለመምህሩ አጥሚት ወስዳ ስትመለስ በሰው መሃል ሰንጥቃ መጣች። «መምህሩ ነጥቧ ታየች ወይ ይላል። ምን ልበለው?»

«ይሠራል በዪው።»

የተተከለውን ቴሌስኮፕ አየችው። «መሥራቱ ይህ ነው?»

«ሂጂ ንገሪው አልኩሽ።»

«እኔ አልነግርም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰውየው በትኩሳት ውስጥ ሆኖ ስምህን እየጠራ ያመሰግንሃል። መዋሸት ካማረህ ራስህ ሄደህ ዋሽ።»

ዋሴ ተነስቶ ሄደ። እየሄደም የሚለውን አዘጋጀ። ጄኔሬተሩ ነው፣ ናፍጣው ውኃ አለበት፣ መሣሪያው መንገድ ላይ ተመትቷል። ሦስቱም የሚታመኑ ነበሩ። ክፍሉ ሲገባ መምህሩ ብርድ ልብሱን ገልጦ በክርኑ ለመነሳት ሲታገል አገኘው።

«ስንት ሰዓት ሆነ፣ ጋሼ?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል።»

«ነጥቧ ትታያለች?»

ከሦስቱ አንዱም አልወጣውም። «አትታይም። መነጽሩ መሬት መሬት ነው የሚያየው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ምን እንዳበላሸሁ ግን አላውቅም።»

መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ። «ሰዓቱን ስንት ብለው ጻፉ?» አለ።

«መጀመሪያ አንድ ከሃያ። የእጅ ሰዓቴ ልክ ናት።»

መምህሩ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተንቀጠቀጠ። ዋሴ ብርዱ ተነሳበት ብሎ ሊደግፈው ሲጠጋ እየሳቀ ነው።

«የፈረንጅ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል፣ ጋሼ። ለማሽኑ አንድ ሰዓት ውድቅት ነው። በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከእግራችን ሥር፣ ከምድር ወዲያ ማዶ ናት። ያለችበትን በትክክል አሳይቶዎታል። ስድስት ይደምሩበት። ሳልነግርዎ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ጥፋቴን አይሻሙኝ» አለ ዋሴ፤ ወጥቶም ሮጠ።

ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ስምንት ከአርባ ብሎ ጻፈ። ቴሌስኮፑ ከሲሚንቶው ቀና ብሎ ተነሳ፤ ዞረ፤ ቆመ። በነጩ ወረቀት ላይ የፀሐይዋ ክብ አረፈች፤ በክቧ ውስጥ፣ ወደ ጠርዙ ተጠግታ፣ በእስክሪብቶ ጫፍ የተነካች የምትመስል ጥቁር ነጥብ አለች።

ቢሻውና ሌሎች ሦስት ሰዎች መምህሩን ከነአንገረቡ ተሸክመው አመጡት። ጓድ አምባው ወረቀቱን ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይህቺው ናት?»

«ይህቺው ናት» አለ መምህሩ።

«ዝንብ ትበልጣታለች።»

የመምህሩ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ የሩጫ ሰዓቱን የያዘው ዋሴ ነው። ነጥቧ ጠርዙን ነካች፤ ጠርዙን ትንሽ ጎርሳ ቆየች። «አሁን» አለ መምህሩ፤ ዋሴ ተጫነ። ፀሐይዋ ባዶዋን ቀረች። መምህሩ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አንብቦ በደብተሩ ጻፈና አንገረቡ ላይ ተመልሶ ተኛ፤ ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ ነበር፤ ትኩሳቱ ለቀቀው።

ጓድ አምባው ወንበሩን እያስነሳ ጠየቀ። «የመሬቱስ ልኬት ስንት መጣ? ለሪፖርት እፈልገዋለሁ።»

ሰው ሁሉ ዋሴን አየ።

«ልኬት የለም፣ ጓድ» አለ ዋሴ። «ዋሽቼ ነው። የፈረንጁን ሰዓት ሳላውቅ የኛን ጽፌ ነው መሬት የቆፈረው።»

ቢሻው እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመት ዋሴ ሰዓት ሲጠየቅ «የማንን?» የሚል ሰው ከሩቅ ይጮህበት ነበር። ከበሩ ላይ ያለውን ቀይ ጽሕፈት ራሱ በናፍጣ አጠበው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልለቀቀም።

አሁን አርጅቷል። በዕድሜው ሁሉ ከሠራው ምን ይበልጥበት እንደሆነ ሲጠየቅ ነጥቧን ወይም ገመዱን ይጠራል ብሎ የሚጠብቅ አለ። እሱ ግን እንዲህ ይላል። «ከመጋዘኑ ደጅ እስከ መምህሩ አልጋ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ በኋላ ሄጄ ቆጥሬዋለሁ። ያቺን ሠላሳ እርምጃ ለመሄድ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። ከሄድኩት መንገድ ሁሉ የምትበልጥብኝ እሷ ናት። እሷንም ቢሆን ግማሹን የገፋችኝ ውባንች ናት።»