የኤመሪ ቶት ሃያ ደቂቃ

ተፈትቶ እንደ አዲስ የተገጠመ የድሮ ሞተር መጀመሪያ በተነሣበት ቀን ሃያ ደቂቃ ያለ ዕረፍት መጮህ አለበት። ቤንዚኑ ከፍ ብሎ ይያዛል፤ ድምፁ እንዲዋዥቅ፣ ከዚያም ይልቅ እንዲጠፋ አይፈቀድለትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት የተባለው ባለ ጉብታ ዘንግ ከሚገፋቸው ብረቶች ጋር የሚላመደው በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ሞተሩ ዝቅ ካለ ወይም ከቆመ ዘይቱ ጉብታዎቹን በወጉ አይደርሳቸውም፤ ብረት ብረትን ይበላል፤ የወራት ድካም በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠፋል። በምሥራቅ ቶሊዶ፣ በእኛ ሰፈር፣ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ቅዳሜ ከአንዱ ግቢ ያ ጩኸት ሲነሣ ሰው መስኮቱን ይዘጋል እንጂ አይቆጣም።

ኤመሪ ቶት ይህን ሕግ ከሁላችንም አብልጦ ያከብር ነበር። አርባ አንድ ዓመት በአንድ የመሣሪያ ፋብሪካ ብረት ሲሞርድ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ የፀጉር ውፍረት የምታህል ስሕተት በጣቱ ጫፍ የሚያውቅ ሰው ነው። ከቤቱ ጀርባ ባለው ጋራዥ ውስጥ በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳዎቹ የተሠሩ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ጉልበታቸው ከመጠናቸው የሚበልጥ መኪኖችን ከዝገት ያስነሣል። የእኔ ግቢ ከእርሱ ግቢ በአንድ አጥር ይለያል። ያላየሁትን ራሱ ነግሮኛል፤ የቀረውን ጓደኛው ገስ ፒላርስኪ ነግሮኛል።

ሥራው እንከን የለውም፤ ጠባዩ ግን የሰፈሩ መነጋገሪያ ነው። ሌላው በሁለት ወር የሚጨርሰውን ሞተር ኤመሪ በዓመት አይጨርስም። የዚህ ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ሰው በጋራዡ በር ላይ በቆመ ጊዜ፣ ልጅም ይሁን ፖስታ አመላላሽ፣ በእጁ የያዘውን በዚያው ቅጽበት ያስቀምጣል። ቴስታታ የሚባለው የሞተሩ ራስ ብሎኖች በተወሰነ ተራና በተወሰነ ኃይል አንድ በአንድ መጥበቅ አለባቸው፤ መካከል ላይ ከተቋረጠ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ኤመሪ አንዱን ቴስታታ አምስት ጊዜ እንደ አዲስ ሲያጠብቅ አይቻለሁ። ወደ ቤቱ የሚያወጣውን የጎን በር ከማጠፊያው ነቅሎ ጥሎታል፤ በጥር ብርድ እንኳ ክፍት ነው። ጋራዡን ሁለት ጊዜ ቀለም ሲቀባ ከዚያ በር መቃን ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ ሳይቀባ ትቶአል።

ሌላም አለ። የሠራውን ሞተር ራሱ አያስነሣም። የሞተሩ ባለቤት በጭነት መኪና ወደ ገስ ቤት ይወስደውና ሃያውን ደቂቃ ገስ ይይዘዋል። “ኤመሪ ሙሽራዋን ኩሎ አልብሶ ለሰው የሚሸኝ ነው” ይላል ገስ። ደንበኞቹንም፣ “እሱ ጋ ሞተር የሰጠ ሰው ኑዛዜውን አብሮ ይጻፍ” እያለ ይቀልድባቸዋል። ነገር ግን ከሰፈሩ ከአንዱ ግቢ ሞተር በተነሣ ጊዜ ኤመሪ ከመቀመጫው ተነሥቶ ፊቱን ወደዚያ የጎን በር መልሶ፣ ለሚገባ ሰው መንገድ እንደሚለቅ ሁሉ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ፣ ድምፁ እስኪቆም ይቆማል። ያን ጊዜ ገስም አይቀልድም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመት፣ በጥቅምት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኤመሪ የራሱን የስድሳ ሰባት ሥሪት ፖንቲያክ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ አስነሣ። ገስ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ራዲያተሩ ላይ ጎንብሶ የውሃውን ሙቀት ይጠብቅ ነበር። ኤመሪ የቤንዚኑን መስጫ በእጁ ይዞ ካርቡራቶሩን ያያል። በስድስተኛው ደቂቃ ሚስቱ ዶሪን በጎን በር ብቅ አለች። አንድ እጇን መቃኑ ላይ አሳርፋ ሌላውን ወደ ላይ አነሣች። ኤመሪ በነጻ እጁ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ አምስት፣ ከዚያ አራት ጣት አሳያት፤ አሥራ አራት ደቂቃ ቀረኝ ማለቱ ነው። እርሷም እጇን አውርዳ ሄደች።

ሃያው ደቂቃ ሲሞላ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እጁን በቤንዚን ታጥቦ ወደ ቤት ሲገባ፣ የወጥ ቤቱ ቧንቧ እንደተከፈተ ይፈሳል፤ ዶሪን ወለሉ ላይ ነበረች። አንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። ዘጠኝ ቀን ያለ ንግግር ኖራ አረፈች። ሐኪሙ ሲጠየቅ፣ ደቂቃዎቹ ለውጥ ያመጡ እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም ብሎ መለሰ። ኤመሪ ይህን መልስ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይዞት ገባ፤ መልሱም ከዚያ ቤት አልወጣም።

ከቀብሩ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ የድንች ሰላጣና ሳንድዊች በቀረበበት ጠረጴዛ ዙሪያ፣ የሃያ አራት ዓመት ልጁ ጃኔል ገስን ቀኑ እንዴት እንደነበር ጠየቀችው። ገስ በሩ ላይ የሆነውን ከኤመሪ ሰምቶ ያውቅ ነበር። ሆኖም ለልጅቱ አዘነ፤ አባትሽ ከቤት ድምፅ የሰማ መስሎት በስድስተኛው ደቂቃ ሞተሩን አጥፍቶ ሮጠ ብሎ ነገራት። ኤመሪ አጠገባቸው ቆሞ ሰማ፤ አላረመም። ውሸት በርኅራኄ ቢነገርም ውሸት ነው፤ የተናገረው ይረሳዋል፤ ዝም ብሎ የሰማው ግን ተሸክሞት ይኖራል።

ፖንቲያኩ አሥራ ሦስት ዓመት በሸራ ተሸፍኖ ቆመ። ኤመሪ በየዓመቱ ሚያዝያ ካንዴላዎቹን ፈትቶ በየቀዳዳው ዘይት ያንጠባጥብና እንዳይጣበቅ ሞተሩን በእጁ ያዞረዋል፤ ከዚያ መልሶ ይሸፍነዋል።

ባለፈው ግንቦት ጃኔል ከፎርት ዌይን መጣች። እርሷም የአባቷን እጅ ወርሳ በአንድ የከባድ መኪና ካምቢዮ ፋብሪካ ብረት ትቀርጻለች። መኪናውን ለእኔ ልትሰጠኝ ቃል ስለገባህልኝ እንድናስነሣው ነው የመጣሁት አለችው። ኤመሪ ዘይቱ አሮጌ ነው፣ ጎሚኒው ደርቋል፣ ወቅቱ አይደለም እያለ ምክንያት ደረደረ። “አባዬ፣ አንተ ምክንያት ስትደረድር እንኳ በመጠን በመጠን ነው” ብላው ሸራውን ገፈፈች።

ከማስነሣታቸው በፊት ሥርዓቱን ተከትላ የቫልቮቹን ክዳን ከፈተች፤ መለኪያ አስራ ሞተሩን በእጅ እያዞረች እያንዳንዱ ቫልቭ ምን ያህል እንደሚነሣ ጻፈች። ሰባተኛው የሌሎቹን ግማሽ ብቻ ይነሣል። ሦስት ጊዜ ለካች፤ ያው ነው። በማግሥቱ የሞተሩን ፊት ፈትተው ካምሻፍቱን ሳቡት። ጃኔል በጨርቅ ጠርጋ ወደ ብርሃን ያዘችው። አንዱ ጉብታ ተበልቶ ክብ ሆኗል።

ሃያው ደቂቃ ሳይሞላ የጠፋ ሞተር ምልክቱ ይህ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ጃኔል ክብ የሆነውን ጉብታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

“እንግዲያው እውነት ነው” አለች።

“ምኑ?”

“ገስ ያለው ነዋ። ለእማዬ ስትል በስድስተኛው ደቂቃ አጥፍተኸዋል። እኔ እኮ እስከ ዛሬ በግማሽ ልቤ ነበር ያመንኩት። አንተንና ሞተርህን አውቃችኋለሁዋ።” ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ እየሳቀችም ነበር።

ብረት በሐሰት የሚመሰክርለት ሰው ጥቂት ነው። ኤመሪ ዝም ቢል ይበቃው ነበር። ልጁ ከዚያ ቀን በፊት እንዲያ ባለ ዓይን አይታው እንደማታውቅ፣ አፉን ከከፈተም ዳግም እንደማታየው ያውቃል። እንደነገረኝ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ፊቱ የዞረው ወደ ጎን በሩ ነበር።

“አላጠፋሁትም” አለ።

“ምን ማለትህ ነው?”

“ሃያውንም ሞላሁት። ካሙን የበላው ዘይቱ ነው። ያን ሰሞን ብረቱን የሚጠብቀውን ዚንክ ከዘይት ውስጥ ይቀንሱ ነበር፤ ማናችንም ገና አላወቅንም።”

ከዚያ በኋላ ስለ በሩ፣ ስለ ተነሣው እጅ፣ ስላሳያት ጣቶች አንድ ሳያስቀር ነገራት። ሲጨርስ ጃኔል የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

“ፊቷ ምን ይመስል ነበር?”

“አላውቅም። ካርቡራቶሩን ነበር የማየው።”

ካምሻፍቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ እጇን ታጥባ፣ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። እሑድ እሑድ ይደውልላት ነበር፤ አላነሣችም። ገስ ወሬውን በሰማ ጊዜ መጥቶ ተቆጣ። “አንተ ግትር ሽማግሌ፣ ብረቱ እንኳ ሊያድንህ ተነሥቶ ነበር፤ አንደበትህን ምን አቀበጠው?” አለው። ኤመሪም፣ “ውሸቱ ያንተ ነበር ገስ፤ አሥራ ሦስት ዓመት ተሸክሜልሃለሁ” ብሎ መለሰለት። እነዚያን ወራት ሁሉ አንድም ሞተር አልነካም። የቀረችለትን ልጁን በገዛ አፉ እንዳጣት አምኖ፣ በዚያ ክፍት በር ትይዩ ወንበር አድርጎ ይቀመጥ ነበር።

በመስከረም አጋማሽ ጃኔል ሳትነግረው መጣች። ከመኪናዋ አዲስ ካምሻፍት፣ አዲስ ገፊዎችና ትክክለኛውን ዘይት አወረደች። ሁለት ቅዳሜና ሁለት እሑድ አብረው ሠሩ። ከመፍቻ ቁጥርና ከብሎን ተራ በቀር አልተነጋገሩም። በሦስተኛው ቅዳሜ ሁሉ ነገር ተገጥሞ፣ ገስም ሙቀቱን ሊጠብቅ መጥቶ ሳለ፣ ጃኔል ወደ አባቷ ዞረች።

“አንተ ወጥ ቤት ግባ።”

“ለምን?”

“እማዬ የነበረችበት ተቀመጥ። ሞተሩን እኔ እይዘዋለሁ። እስኪያልቅ እንዳትመጣ።”

ኤመሪ ገባ። ወንበር ወደ ቧንቧው አስጠግቶ ተቀመጠ። ሞተሩ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ። በሕይወቱ ያን ድምፅ ሁልጊዜ ከአጠገቡ ሆኖ እንጂ ከቤት ሆኖ ሰምቶት አያውቅም። ጋራዥ ውስጥ ድምፁ የሞተሩ ነው፤ እዚህ ግን የግድግዳው፣ የመስኮቱ፣ በመሳቢያው ውስጥ ያሉት ማንኪያዎች ሁሉ ድምፅ ሆኖ ነበር። የግድግዳውን ሰዓት እያየ ቆየ። ስድስተኛው ደቂቃ ሲደርስ የልጁን ስም በወትሮው ድምፅ ጠራ። ቀጥሎ ከመንገድ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠራ አድርጎ ጠራ። ለሦስተኛ ጊዜ በደረቱ ያለውን ትንፋሽ በሙሉ አውጥቶ ጠራ። ሞተሩ አልተዋዠቀም፤ ማንም አልመጣም።

በአሥራ ሦስት ዓመት ራሱን ያልጠየቀውን ያን ጊዜ ተረዳ። ዶሪን ሳትጣራ ወደ ጋራዥ የምትሄድ ሴት አልነበረችም። መጀመሪያ ከዚህ ጠርታዋለች፤ ምናልባት ሦስት ጊዜ፣ ምናልባት ከዚያ በላይ። መልስ ስታጣ ሠላሳ አንድ እርምጃና ሁለት ደረጃ ግድግዳ ተደግፋ መጣች። የደረሰችውም ለጣቶቹ ነው። ኤመሪ ሊነሣ ፈለገ፤ እንዳትመጣ ተብሏልና ተመልሶ ተቀመጠ። የቀሩትን አሥራ አራት ደቂቃዎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚያው ሰማቸው።

ድምፁ ሲቆም ጃኔል እስከ ክርኗ ዘይት ሆና ገባች።

“ጠራኸኝ?”

“ሦስት ጊዜ።”

“አልሰማሁህም” አለች። የመጣችበትን መተላለፊያ ዞራ ርቀቱን አየችው። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። “እዚህ ነበረች?”

“ትንሽ ወደ ግራ።”

ትንሽ ወደ ግራ ተጠጋች። ገስ ከውጭ ኮፈኑን ልዝጋው ወይ እያለ ይጠይቃል።

“አሁን ቀኑን በሙሉ ንገረኝ፤ ምንም አትዝለል” አለችው።

ኤመሪ ከጠዋቱ ቁርስ ጀመረ።