ጉምቦ ላይ የገባሁት ለቅሶ

«ንገረው! ያልሞተ ሰው ለቅሶ ገብተህ ልትደበደብ ምን ያህል እንደቀረህ ንገረው!» አለች እህቴ አስቴር፣ ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ። ልጇ ናሆም ሻንጣውን በሩ አጠገብ አቁሞ ጃኬቱን እየለበሰ ነበር። «እኔን ካልሰማኸኝ አጎትህን ስማው። ጁባ እንደ ፈለጉ የሚዞሩበት ከተማ አይደለም።»

«እማ፣ ልዞር አይደለም የምሄደው። ሥራ አግኝቼ ነው።»

«እዚህ ሥራ ጠፍቶ ነው?»

«አንቺስ የሄድሽው እዚህ ሥራ ሞልቶ ነበር?»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ናሆምን ለአያቱ ትታ ጁባ ስትሄድ ገና አፉን የፈታ ሕፃን ነበር። ስትመለስ «አክስቴ» ብሎ ጠራት። ይህን ሁለቱም አይረሱትም፤ ሁለቱም አያነሱትም። የዚያን ዕለት ግን ናሆም አነሳው።

«ከእኔ በልጦብሽ የኖርሽበትን ከተማ አንድ ቀን ማየት አለብኝ» አላት።

አስቴር ያስጠራችኝ እንዳስፈራራው ነበር። አውሮፕላኑ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጊዜ ነበረን። «ተቀመጥ» አልኩት። «ጋሼ፣ አጭር ይሁን» ብሎ ሳይወድ ሻንጣው ላይ ተቀመጠ።

ጁባ የሄድኩት ጦርነቱ በስምምነት ካበቃ በኋላ፣ አገሪቱ ገና ራሷን የቻለች አገር ሳትሆን ነው። አባታችን በሞተ በመንፈቁ አስቴርን ልጠይቃት ሄድኩ። ያኔ ትምህርቴን አቋርጬ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም የምሞክር፣ አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ የማልችል ወጣት ነበርኩ። ስቆም ቃሉ ይጠፋብኛል፤ ስሄድ ይመጣል። ስለዚህ እሄዳለሁ።

አስቴር ካስተም ገበያ ውስጥ በቆርቆሮ የታጠረች ምግብ ቤት ነበረቻት። ከኡጋንዳ የመጡ የጭነት መኪኖች ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ጥሬ ሙዝ፣ ሲሚንቶና ቢራ ያራግፋሉ፤ ሾፌሮቹም ወዛደሮቹም እሷ ዘንድ ይበላሉ። ከምድጃ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ምድጃ ነበር ኑሮዋ። እሑድ ቸርች ትሄዳለች፤ እሱም እዚያው ከምግብ ቤቷ ጀርባ ነው። ያን ያህል ጊዜ ኖራ ወንዙን እንኳን አይታው አታውቅም።

«ሐበሻ እዚህ በእግሩ አይሄድም» ትለኝ ነበር። «መውጣት ካማረህ ቦዳ ቦዳ ያዝ።» ቦዳ ቦዳ የሚሉት ሰው የሚያፈናጥጠውን ሞተር ብስክሌት ነው። እሺ እላታለሁ፤ ዞር ስትል እወጣለሁ።

ወሩ ሰኔ ነበር። ቀዩ ጭቃ ጫማዬ ላይ ሌላ ጫማ ይደርባል። መንገዶቹ ስም የላቸውም። አቅጣጫ ስጠይቅ «ትልቁ ማንጎ ጋ ስትደርስ ታጠፍ» ይሉኛል፤ ከተማው ውስጥ ግን ትልቅ ያልሆነ ማንጎ አላየሁም። ካቶር የሚባለው ሰፈር ስደርስ የመዘምራን ልምምድ ከአንዱ ቤተክርስቲያን ይሰማል። ጥላ ሥር የተቀመጡ ሴቶች ኪስራ ይሸጣሉ፤ ከእንጀራ የሳሳ፣ ዓይን የሌለው ነገር ነው፤ ከዓሣ ወጥ ጋር ግን ይጥማል። እየበላሁ እሄዳለሁ። ሁሉም ቤት ውስጥ ሰው አለ፣ ሁሉም ሰው ቤት አለው፤ እኔ ብቻ አልፋለሁ።

አንድ ቅዳሜ የብረቱን ድልድይ ተሻገርኩ። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ወለሉ ይንጓጓል፤ ከሥር ነጭ ዓባይ ምንም እንዳልሰማ ይሄዳል። ማዶው ጉምቦ ነው። ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሮ አየሁ። ከሥሩ ወንዶች በሁለት ረድፍ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንድም የሚናገር የለም። ሽማግሌዎቹ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው መሬት መሬት ያያሉ።

እኛ ሰፈር ይህን ያየ ሰው ምንም አይጠይቅም። ኮፍያዬን አወለቅኩ፣ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። አንዱ «ገኒ» ብሎ ወንበር ሰጠኝ፤ ተቀመጥ ማለቱ ነው። ቀዝቃዛ ከርከዴ በብርጭቆ መጣልኝ። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነገር ለቅሶ ላይ መቅረቡ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። በዚያ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር ተቀምጫለሁ። አንገቴን ደፍቼ ያዘንኩ መሰልኩ። ማስመሰሉ ብዙ አልቆየም፤ አባቴ መጣብኝ፤ እንባዬ ጉንጬ ላይ ወረደ።

ከፊት ለፊቴ ያለው ሽማግሌ ብድግ ብሎ ከዘራውን ወደ እኔ ዘረጋ። ጮኸ። ሌሎቹም ተነሱ። ክራባት ያሰረ ቀጭን ወጣት እየሮጠ መጣ።

«ሐበሻ ነህ አይደል?» አለኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። ቱት ይባላል። «ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?»

«ሐዘናችሁ ሐዘኔ ነው ብዬ...»

«የምን ሐዘን? የእህቴ ሽምግልና ነው! ከብቱ ላይ አልስማማ ብለው ነው ዝም ያሉት!» ወደ ሽማግሌው ዞሮ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሙሽራው አጎት ነው። መጀመሪያውንም ሰው አገር ያደገች ልጅ ወግ አታውቅም እያለ ነበር። አሁን ደግሞ ይሄ ሐበሻ ፍቅረኛዋ ነው፣ ልትዳርበት ስለሆነ ነው የሚያለቅሰው እያለ ነው። ሠርጓን ልታፈርሰው ነው፣ ገባህ?»

ጉንጬን ጠርጌ ተነሳሁ። እህቱ ኛማል የማንንም ፈቃድ ሳትጠብቅ ከቤት ወጣች። ከራሴ እስከ ጭቃዬ አየችኝ።

«ይሄ ነው ፍቅረኛዬ?» አለች በአማርኛ። «ምናለ ጫማው የሚታይ ሰው ብትመርጡልኝ!» ከዚያ ቀረብ ብላ «ድንኳን አይተህ ነው የገባኸው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ኮፍያህን አውልቀህ?»

«አዎ።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ቱት፣ ንፍሮ ፍለጋ እኮ ነው የመጣው!»

ሁለቱም በስደት አዲስ አበባ ነው ያደጉት። የስንት ጎረቤት ድንኳን ገብተው ንፍሮ ዘግነዋል። እነሱ ወዲያው ገባቸው፤ ሽማግሌዎቹን ማሳመን ግን ሌላ ሥራ ነበር። ኛማል እየሳቀች ስታስረዳ ዓይኖቿ አይስቁም ነበር። አጎትየው አላመናትም። በቱት በኩል እኔኑ ጠየቀኝ።

«የማታውቀው ሰው ሞተ ብለህ እንባህን ታፈሳለህ?»

«ስገባ አስመስዬ ነበር፣ አባት። ኋላ የራሴ አባት ትዝ አለኝ። ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም።»

ቱት ተረጎመለት። ሽማግሌው ከዘራውን አውርዶ ተቀመጠ፤ ረጋ ብሎ ተናገረ።

«በጦርነቱ ወንድሞቼን መንገድ ዳር ቀብሬ አለፍኩ፤ አብሮኝ የተቀመጠ የለም ይላል» አለኝ ቱት። «መንገደኛ ገብቶ የሚያለቅስበት አገር ያደገች ልጅ ወግ አታውቅም ማለቴን ትቻለሁ ይላል።» ሽማግሌው ከዘራውን አንስቶ አንድ ነገር ጨመረ። «ይህ ማለት ግን ከብት እጨምራለሁ ማለት አይደለም ይላል።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። እኔንም በሙሽራው ወገን በኩል አስቀመጡኝ። ኛማል በዚያው ክረምት ተዳረች።

የዚያን ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ካስተም ስመለስ አስቴር ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ስነግራት «በኢየሱስ ስም!» እያለች ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠችው።

«እኔ እኮ ለአባዬ ለቅሶ የተቀመጥኩበት ቀን የለም» አለች። «መርዶው የተደወለልኝ ቀን ምግብ ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። ወጥ ስጨልፍ ዋልኩ።»

በማግስቱ ከቸርች ስትወጣ «ድልድዩ ሩቅ ነው?» አለችኝ። በእግር ሄድን። ድልድዩ መሐል ብረቱን ይዛ አለቀሰች፤ እኔም አጠገቧ ቆምኩ። ጀሪካን የተሸከሙ ሴቶች ቆም ብለው ትከሻዋን ነካ ነካ እያደረጓት አለፉ። እንባዋን ስትጠርግ ስለ አባታችን ታወራለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን «ናሆምዬ አሁን ምን እየበላ ይሆን?» አለች።

«እሱን ንገረው አላልኩህም» አለች አስቴር ከወንበሯ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

ናሆም ሻንጣው ላይ እንደተቀመጠ ወደ እሷ ዞረ። እኔም ታሪኬን እዚህ ላይ አቆምኩ። አሁን ለቅሶ የምሄደው በመኪና ነው፤ የማላውቀው ሰው ድንኳን ካየሁ መስኮቱን ዘግቼ አልፋለሁ። ግጥሙም እንደ ድሮው አይመጣም። ልጁን እንዳስቀረው ተጠርቼ፣ ከእሱ ጋር መነሳት አማረኝ።

«የቱ ጋ ነው የቆማችሁት?» አለኝ ናሆም።

«መሐሉ ላይ። ከካስተም ስትመጣ በግራ በኩል።»

ተነሳ። አስቴር አሁንም አልዞረችም።

«ጃኬቱን አውልቀው» አለችው። «እዚያ ሙቀት ነው።»

አወለቀና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት፤ አናቷን ሳማት። ሻንጣውን አንስቶ ወጣ፤ በሩም ከኋላው ቀስ ብሎ ተዘጋ።